ያልቆጠርኳቸው መኪኖች

ቁንዶዬ፣

ነገሩ የተበላሸው ትናንት አለቃዬ ስብሰባ ላይ ቆሞ፣ "የዚህ ሕንፃ ነዋሪዎች መቶ አርባ መኪና አላቸው፤ የቆጠረችውም እሷ ናት" ብሎ በጣቱ ሲያሳየኝ ነው። እኔ የጻፍኩት ሃያ ሦስት ብዬ ነው። እሱ የቆጠረው ግቢው ላይ የተቀቡትን የማቆሚያ መስመሮች ኖሯል! ስጠይቀው፣ "መስመሩ ካለ መኪናው ይመጣል፣ የኔ እመቤት" አለኝ።

ለዚህ የነዋሪዎች መኪና ቆጠራ የሕንፃውን አሥራ ሁለት ፎቅ በእግሬ ወጥቼ በየበሩ አንኳኩቻለሁ፤ ጉልበቴ እስካሁን አልተመለሰልኝም። ሰዎቹ ሥራውም ገበያውም ደጃቸው ስለሆነ አብዛኞቹ መኪና የላቸውም። እኛ ሰፈር ቤቱ ሁሉ ምድር ላይ ተበታትኖ ዳቦ ለመግዛት እንኳ መኪና ይነሳል። እዚህ በመስመሮቹ መካከል ልብስ ይደርቃል፤ ልጆች ኳስ ይለጋሉ። አንዲት ልብስ ሰፊ የስፌት መኪናዋን እዚያው አቁማ፣ "እኔንም መዝግቢኝ እንጂ፣ ባለመኪና ነኝ!" ብላ አሳቀችኝ። አሁን በመቶ አርባው ምክንያት ግቢው ለመኪና ብቻ ሊታጠር፣ እሷም ልትነሳ ነው።

ትናንት ደክሞኝ ወረቀቴን ይዤ ወደ ቤት ገባሁ። ዛሬ ጠዋት ግን ሃያ ሦስት ያልኩበትን የራሴን ወረቀት ለስብሰባው ሰብሳቢ በእጄ ሰጠኋት። አለቃዬ ካባረረኝም ያባርረኝ።

ይህ ፖስት ካርድ ጠበበኝ። እናትሽን ሳሚልኝ፤ የታናሽሽንም ጉንጭ ቆንጥጪልኝ። እንግዲህ ያልቆጠርኩት ቁጥር ላይ ስሜ እንዲጻፍ ከዛሬ ጀምሮ አልቀበልም።