ከባዱ ከኋላ ይሰለፍ

ማክሰኞ

የደባርቅ መንገድ ዛሬም አልተከፈተም። ጨነቅ ላይ የተናደው አፈር መኪና አያሳልፍም፤ ዝናቡም አላባራ አለ። መካነ ብርሃን የመጣሁት ለትምህርት ቤቱ የሳተላይት ኢንተርኔት ተክዬ ወዲያው ደባርቅ ልመለስ ነበር። የስልክ ኔትወርክም ስለጠፋ የከተማው ሰው ሁሉ ትምህርት ቤቱ ጣሪያ ሥር ተጠልሎ የኔን ዋይፋይ ይስባል። እናቴ ከዳባት በኢንተርኔት ደውላ፣ «እንደ ታቦት ተከበብሽ በይ» ብላ ሳቀች። እኔ መሳቅ አቃተኝ። እስር ቤት ያለሁ ነው የሚመስለኝ።

ከሰዓት የጤና ጣቢያው አዋላጅ፣ ሲስተር የሺ፣ መጣች። የደብሩ መሪጌታ ባለቤት መውለጃዋ ደርሷል፤ ሕፃኑ በእግሩ ነው የሚመጣው። ደባርቅ መውሰድ አይቻልም። እዚያ ያለው ሐኪም በቪዲዮ እያየ ሊመራት ተስማምቷል። ሞከርነው። ምስሉ እየቆመ አስቸገረን።

ረቡዕ

ሰዉን «እባካችሁ ስልካችሁን ዝጉ» ብዬ ለመንኩ። አንድ ሹፌር፣ «ልጆቼ የት እንዳለሁ አያውቁም እኮ!» አለኝ። እሱም እንደኔው መውጫ ያጣ ነው።

ማንንም ላለመቁረጥ ኢንተርኔቱን በሚያከፋፍለው ራውተር መቆጣጠሪያ፣ በፋየርዎሉ፣ ላይ ሕግ ጻፍኩ፤ ከወሰንኩለት ፍጥነት በላይ የሚስብ ግንኙነት ሁሉ ምልክት ይደረግበት፣ ምልክት ያለበት ከኋላ ይሰለፍ። መሪጌታ አጠገቤ ቆመው ያያሉ።

«ምን እያደረግሽ ነው ልጄ?»

«ብዙ የሚስበውን እየለየሁ ነው፣ የኔታ። መልእክት የሚልክ ቶሎ ያልፋል፤ ፊልም የሚያወርድ ይጠብቃል።»

«ደግ ፍርድ ነው» አሉ። ሠራ! የሹፌሩም መልእክት ሄደለት።

ሐሙስ

ምጡ ረፋድ ላይ መጣ። ጤና ጣቢያው ከትምህርት ቤቱ አጥር ለአጥር ስለሆነ የኢንተርኔት ገመድ ዘርግቼ ነበር። ሐኪሙ የሚታይበትን የሲስተርን ታብሌት የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው አልነበረም።

ሐኪሙ፣ «አትጎትቺ፤ እስከ እምብርቱ በራሱ ይውጣ» ይላል። ከዚያ ምስሉ ቆመ። ድምፁም ጠፋ።

«ዶክተር! ዶክተር!» የሺ ጮኸች።

ያኔ ገባኝ። ቪዲዮውም ብዙ ይስባል። የራሴ ሕግ ምልክት አድርጎበት ከፊልም አውራጆቹ ጋር አሰልፎታል! ታብሌቱን አስደግፌ በስልኬ ራውተሩ ውስጥ ገባሁ። ተጣድፌ የይለፍ ቃሉን ተሳሳትኩ። ሕጎቹ የሚነበቡት ከላይ ወደ ታች ነው። ስለዚህ ከሁሉም በላይ የሲስተርን ታብሌት ሳይነካ የሚያሳልፍ ሌላ ሕግ አስቀመጥኩ። የቀድሞው ምልክት እንዳይከተለው ጥሪውን ቆርጬ እንደገና ደወልኩ።

«አለሁ» አለ ሐኪሙ። «አንገቱን እንዳትስቢ። ጣቶችሽን ጉንጩ ላይ አድርጊ... ቀስ...»

ወጣ። ዝም አለ። የሺ በጨርቅ ጀርባውን አሸችው፣ አሸችው። አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። ውጭ መሪጌታ ሲደግሙት የነበረው ውዳሴ ማርያም ተቋረጠ።

ዓርብ

ልጁ ይጠባል። እናቱን ግን ትኩሳት ይዟታል። ሐኪሙ ያዘዘው መድኃኒት ተሰጥቷታል፤ «መንገዱ እንደተከፈተ አምጧት» ብሏል። አፈሩን የሚጠርግ ግሬደር በጨነቅ በኩል እየመጣ ነው ይላሉ። ድምፁን የሰሙም አሉ። ደጅ ወጥቼ ብዙ ቆምኩ። ለእኔ ግን ድምፁ አልተሰማኝም።