መርዶ በቢሮ አይነገርም

እሑድ

ዛሬ ዋሽቻለሁ። ያውም ምሳ እያቀረብኩ።

ጧት ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። የቤዛ አጎት ነው፣ ከደብረ ታቦር። ሰላምታውን ሲያስረዝመው ነገሩ አላማረኝም። «እህቴ፣ የቤዛ አባት ትናንት አረፈ። ልቡ ነው። ቀብረነው ገብተናል» አለኝ። ወዲያው ደግሞ ሳያስተነፍሰኝ፣ «አደራ፣ ልጅቱ እንዳትሰማ። ፈተናዋን ትጨርስ። ጠበል ሄዷል፣ እዚያ ስልክ አይሠራም ብለናታል።»

ፈተናው የሚያልቀው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ሦስት ሳምንት!

ቤዛ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤታችን በነጻ ተቀብሎ ካመጣት ገና አንድ ዓመት ሊሞላት ነው። እዚህ እስራኤል፣ ቤር ሼባ ከተማ፣ ከየአገሩ የተሰበሰቡ ልጆች አብረው ይኖራሉ፤ እኔ የአዳሪዎቹ ኤም ባይት ነኝ፣ የቤት እናት እንደ ማለት። አንሶላ አድላለሁ፣ ትኩሳት እለካለሁ፣ በር እዘጋለሁ፣ እቆጣለሁ። ከልጆቹ ሁሉ አማርኛ የምታናግረኝ እሷ ብቻ ናት። ስትመጣ ሰው ቀና ብላ አታይም ነበር፤ አሁን ከአስተማሪ ጋር ትከራከራለች። ለመግቢያ ፎቶዋ የለበሰችውን ቀሚስ የሰፋላት አባቷ ነው። ልብስ ሰፊ ነበር።

ምሳ ላይ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ሑሙስ፣ የሽምብራ ማባያውን፣ አቀበልኳት። «እትዬ ዝና፣ ዛሬ ምነው ዝም አልሽ?» አለችኝ። «ጥርሴን አሞኝ ነው» አልኳት። ከዚያ ጤነኛ ጉንጬን ይዤ ቀኑን ሙሉ እንደ በሽተኛ ስዞር ዋልኩ።

ለነገ፦ ሁለተኛ ፎቅ መታጠቢያው ያፈስሳል። የኮሪያው ልጅ መድኃኒት። ለዓመት መዝጊያው «የተማሪዎቻችን እድገትና ደኅንነት» የሚል ግማሽ ገጽ፤ ርዕሰ መምህሩ ደጋግሞ ጠይቆኛል። ለሺራ መንገር። ይህን መንገር አለብኝ፣ ለብቻዬ ይዤው መክረም አልችልም።

ሰኞ

ለሺራ ነገርኳት። ሺራ የተማሪዎቹ አማካሪ ናት። ወጣት ናት፣ ልቧ ንጹሕ ነው፣ ችግሯ መመሪያ ሳታይ ውኃም አትጠጣም። ፊቷ ቀላ፤ ወዲያው ይዛኝ ርዕሰ መምህሩ ጋ ሄደች።

እሱም መመሪያውን ነገረን። ተማሪ ሐዘን ሲደርስበት በአንድ ቀን ውስጥ ይነገረዋል፣ በባለሙያ፣ ጸጥታ ባለበት ቦታ። ጸጥታ ያለበት ቦታ የሚሉት የሺራን ቢሮ ነው፤ ሁለት ትራስ፣ የመሐረብ ካርቶን፣ ግድግዳው ላይ የባሕር ሥዕል።

«አይሆንም» አልኩ። ሁለቱም ዞረው አዩኝ። ዓመቱን ሙሉ አይሆንም ያልኩት ስለ ምንጣፍ ብቻ ነበር።

አስረዳኋቸው። እኛ ዘንድ መርዶ የሚባል አለ። የሞት ወሬ በስልክ አይነገርም፣ እግረ መንገድም አይነገርም። ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ ጎሕ ሲቀድ በር ይንኳኳል፣ ትልቅ ሰው ይናገራል፣ ሐዘንተኛው ሲወድቅ የሚይዘው እጅ ዙሪያውን አለ። «ቢሮ ውስጥ ብትነግሯት ማን አብሯት ያለቅሳል? አንቺ ታለቅሻለሽ?» አልኳት ሺራን።

«እኔ ማልቀስ የለብኝም፤ የኔ ሥራ መደገፍ ነው» አለች።

«ይኸው!» አልኩ።

ርዕሰ መምህሩ በጨዋ ድምፅ፣ ባህሌን እንደሚያከብር፣ ግን ትምህርት ቤቱ ኃላፊነት እንዳለበት ነገረኝ። ደሜ ፈላ። ባህላችንን የሚያከብሩት በዓመት አንድ ቀን ነው፣ ጠረጴዛ ላይ ዳቦ ቆርሰን ስናቀምሳቸው።

አልነገርኳቸውም እንጂ መርካዝ ክሊታው ትዝ ብሎኝ ነበር፣ እንደ መጣን ያሰፈሩን ማዕከል። ልጅ ነኝ። አባቴ ለብርድ ልብስ ተሰልፏል። አንዲት ጸሐፊ መጥታ አዲስ አበባ የቀረው ወንድሙ መሞቱን እዚያው ሰልፉ ላይ ነገረችው። አስተርጓሚዋ ቸኩላ ነበር፤ በአንድ ትንፋሽ ብላው ወደ ሌላው ሄደች። አባቴ ተራው እስኪደርስ ቆመ፣ ብርድ ልብሱን ተቀበለ፣ ወጣ። ሲያለቅስ አላየሁትም። ከዚያ ወዲህ ቢሮ ውስጥ የሚነገር ነገር ሁሉ ያንገሸግሸኛል።

ተከራክሬ ተከራክሬ እስከ ረቡዕ ጧት ሰጡኝ። ከዚያ ደግሞ ከአጎትየው ጋር ተጣላሁ። «አባቷ ቢኖር ፈተናሽን ጨርሺ ነበር የሚላት» ይለኛል። «አባቷ የለም። ያለሁት እኔ ነኝ። ረቡዕ ትሰማለች» አልኩት። ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

ማታ እናቴ ጋ ደወልኩ። ሽኩና ዳሌት በሚባለው ሰፈር ነው የምትኖረው።

«ዘመድ የላትም እዚህ?» አለች።

«ማንም የላትም። ክርስቲያን ናት እማየ፣ እንደ እኛ ቤተ እስራኤል አይደለችም።»

«እሱን ጠየቅኩሽ? አባቷ ሞቷል አላልሽም? ሴቶቹን እኔ እነግራለሁ። አንቺ ልጅቱን አምጪልኝ።»

ማክሰኞ

ምግብ ቤቱ በር ላይ ሰሌዳ አለ። ልጆቹ በየጧቱ ስማቸውን ይለጥፉበታል፤ አረንጓዴው ደኅና ነኝ፣ ቢጫው እንዲያው ነኝ፣ ቀዩ አናግሩኝ ማለት ነው። የሺራ ፈጠራ ነው። ቤዛ ዛሬም አረንጓዴው ላይ ለጠፈች። በዚህ ሰሌዳ እስቅበት ነበር፣ ዛሬ አላሳቀኝም።

አንሶላ ስናጥፍ «አባዬ ጠበል ሄደ አሉኝ» አለች። ድምፅዋ እንደ ወትሮው ነው። «እግዜር ይማረው» አልኳት። ምላሴን በቆረጠው!

ግማሽ ገጹን ልጽፍ ተቀመጥኩ። «በዚህ ዓመት ተማሪዎቻችን በአካልም በመንፈስም አድገዋል» ብዬ ጀመርኩና ሰረዝኩት። «አንዷ ልጅ መስከረም ላይ ሻንጣዋን ሳትፈታ ነበር የምትተኛው፣ አሁን መስኮቷ ላይ መጋረጃ ሰቅላለች» ብዬ ጻፍኩ። ይህ ይሻላል። እድገት ይህ አይደለም ካሉ የራሳቸው ጉዳይ ነው።

ቀትር ላይ ሺራ ደረጃው ላይ ያዘችኝ። ርዕሰ መምህሩ ሐሳቡን ለውጧል። ከጠበቃ ጋር ተማክሮ ዛሬውኑ ይነገራት ብሏል። ከሰዓት በኋላ፣ በቢሮ።

«ረቡዕ አላላችሁም?»

«ዝና፣ የወሰንኩት እኔ አይደለሁም» አለች። ዓይኔን ማየት አልቻለችም።

ቆሜ አላሰብኩም። ቤዛን ከቤተ መጻሕፍት ጠርቼ «እናቴን አሟታል፣ አብረሽኝ ነይ» አልኳት። በር ላይ ዘበኛው የኃላፊ ፊርማ ሲጠይቀኝ በራሴ ስም ፈረምኩ። አዳሪ ተማሪ ያለ ርዕሰ መምህሩ ፈቃድ ማስወጣት ከሥራ ያስባርራል። ይህን ደንብ አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ የማስተምረው እኔ ነኝ።

ታሃና መርካዚት፣ ዋናው አውቶቡስ ጣቢያ፣ ወርደን የዳሌትን አውቶቡስ ያዝን። ቤዛ ለምን፣ ወዴት አላለችም። በመስኮት ስታይ ሄደች። ለሺራ ብቻ መልእክት ላክሁ፦ «እናቴ ቤት ናት። ነገ ጎሕ ሲቀድ እንነግራታለን። አድራሻው ይኸው።» ከዚያ ስልኬን ጥርቅም አድርጌ አጠፋሁ።

እናቴን፣ ታማለች ማለቴን አልነገርኳትም ነበር፤ እጅጌዋን ሰብስባ ፍራሽ እየጎተተች በር ከፈተችልን። ቤዛ እሷን አየች፣ እኔን አየች፣ የፍራሹን ጫፍ ይዛ ገባች።

ረቡዕ

ተነገራት።

ሴቶቹ ከቫቭ ሰፈርም ከዳሌትም ሳይነጋ መጡ። ሊፍት የለም፤ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጉልበታቸውን እየደገፉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ደረጃውን ወጡ። አንዳቸውም ልጅቱን አይተዋት አያውቁም። ከኋላቸው ሺራ። ጸጉሯን እንኳ አላበጠረችም። «ትምህርት ቤቱ መምጣቴን አያውቅም» አለችኝ። ጫማዋን አውልቃ በሩ ሥር መሬት ላይ ቁጭ አለች።

የመኝታ ቤቱን በር ስንከፍት ቤዛ ተነሥታለች። አልጋዋን አንጥፋ፣ ፊቷን ታጥባ፣ ጸጉሯን ሸብ አድርጋ ጫፉ ላይ ተቀምጣለች። እናቴ ሁለት እጇን ያዘቻት። «ልጄ፣ አባትሽ አርፏል» አለቻት። ሌላ አልጨመረችም።

ከዚያች ቀጭን ልጅ እንዲያ ያለ ጩኸት ይወጣል ብዬ አላስብም ነበር። «አባዬ! የኔ አባት! ማን ይለካኝ እንግዲህ!» ሴቶቹ ያዟት፣ ደረቷን እንዳትመታ እጇን ሰበሰቡ። አንዷ ስሙን ጠይቃ በስሙ አለቀሰችለት፤ ሥራውን ጠይቃ በመርፌው በመቀሱ አለቀሰችለት። የማያውቁት ሰው አገሩ ላይ እንደሚለቀስለት ተለቀሰለት። እኔም አለቀስኩ፣ ለአባቴም ጭምር። ሺራ ስትደግፍ አላየኋትም። ስታለቅስ ነው ያየኋት።

ታች ያለው ሩሲያዊ ጎረቤት፣ የሕንፃው ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ስለ ጩኸቱ ሊቆጣ መጣ። እናቴ በዚያች ባላት ዕብራይስጥ የልጅቱ አባት መሞቱን ነገረችው። ወርዶ ወንበር ይዞ ተመለሰ። ደግሞ ወረደ፣ ደግሞ አመጣ።

ረፋዱ ላይ ለቅሶው ትንሽ ሲበርድላት ጭኔ ላይ ተጋድማ፦

«እሑድ ነው ያወቅሁት» አለችኝ። «ጠበል ሄዷል ሲሉኝ። አክስቴ ቤይሩት ሳለች አያቴ ሲሞቱ እንደዚሁ ነበር የተባለችው። እኔ ራሴ ነኝ በስልክ ጠበል ሄደዋል ያልኳት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ሳይነግሩኝ እንዴት አለቅሳለሁ? ብቻዬን? እስክትመጡ እየጠበቅሁ ነበር። ምነው እንዲህ ዘገያችሁ?»



ሐሙስ

ስልኬን ስከፍት ያመለጡኝ ጥሪዎች ተቆጥረው አያልቁም። እሑድ ጧት ሺሙዓ አለብኝ፣ ሠራተኛ ከማባረራቸው በፊት ቃሉን የሚሰሙበት ስብሰባ። እናቴ ሰምታ «እስከ ዛሬ የሰው አንሶላ ስታጥፊ ኖርሽ፣ ቢያስወጡሽ የራስሽን ታጥፊያለሽ» አለችኝ። ማጽናናቷ ነው።

ቤዛ ግን ዛሬ አኩርፋኛለች። ወጥ ቤት ድረስ መጥታ ቆመችብኝ።

«እሑድ ሑሙሱን ስታቀብዪኝ ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

«ጥርሴን ያልሽው?»

«ውሸት ነው።»

«አንሶላ ስናጥፍስ?»

«አዎ ቤዛ።»

ጥላኝ ሄደች። ስለ ቢሮው፣ ስለ ጠበቃው፣ ላንቺ ብዬ ነው ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። መለስኩት። እኔ ከሰው ጋር ስጣላ እሷ አረንጓዴ እየለጠፈች ነበር። ሴቶቹ ሰኞ ጧት መምጣት ይችሉ ነበር፤ እናቴን የጠራኋት ግን ሰኞ ማታ ነው። በአጎትየው ተናደድኩ፣ በርዕሰ መምህሩ ተናደድኩ፣ ዛሬ ተራው የኔ ነው።

ዓርብ

ሺራ መጣች። ፈተናው ወደ ነሐሴ ሊዛወር እንደሚችል ነገረቻት። ቤዛ አዳመጠቻትና «አይዛወርም። ሰባቱ ይለፍና እፈተናለሁ፣ ያውም ከዚሁ ቤት እየተመላለስኩ» አለቻት፣ ዓይን ዓይኗን እያየች። ሺራ እሺ ከማለት በቀር ምን ትበል።

ደግ ደጉን ልጻፍ። ቤዛ እህል ቀምሳለች። ከእናቷ ጋር በስልክ አብረው አለቀሱ፣ ጠበል የሚባል ነገር ሳይነሣ። እኔን ግን ጨው አቀብዪኝ ከማለት ሌላ አላናገረችኝም። ጨውም ነገር ነው፣ አልንቀውም።

እሑድ

ትናንት ሰንበት ነበር፣ አልጻፍኩም።

ሺሙዓው አለቀ። ርዕሰ መምህሩ፣ አንዲት የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊ፣ ሺራ፣ እኔ። ያደረግሁትን አንድ በአንድ አነበቡልኝ። ሁሉም እውነት ነው፣ አንዱንም አልካድኩም። በመጨረሻ ርዕሰ መምህሩ ትጸጸቻለሽ ወይ አለኝ።

«አዎ» አልኩ። ፊቱ ፈካ።

«ማክሰኞ ይዣት በመውጣቴ አይደለም። ነገም ቢመጣ ይዣት እወጣለሁ። የሚጸጽተኝ እሑድ አለመንገሬ ነው። ቢሮ ማለታችሁ ልክ አልነበረም፣ ቶሎ ማለታችሁ ልክ ነበር። ሁለቱንም ጻፉልኝ።»

ኃላፊዋ ጻፈች። ሺራ ሳይጠይቋት «እኔም እዚያ ነበርኩ፣ መሬት ላይ ተቀምጬ አልቅሻለሁ፣ እሱም ይጻፍ» አለች። ርዕሰ መምህሩ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። ውሳኔው በዚህ ሳምንት ውስጥ ይነገርሻል አሉኝ። በቢሮ መሆኑ ነው።

ከአውቶቡስ ስወርድ ቤዛ ፌርማታው ላይ ትጠብቀኛለች። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ምን ያህል እንደ ቆመች እንጃ።

«ተባረርሽ?»

«ገና ነው።»

ትንሽ አብረን ሄድንና ቆመች። «እትዬ ዝና፣ አንድ ነገር ማይልኝ» አለች። «ከእንግዲህ ማንም ቢሞትብኝ፣ ማንም ይሁን፣ የሰማሽ ዕለት ትነግሪኛለሽ። ሰው ጥሪ፣ እንደ ወጉ አልቅሱልኝ። ግን የዚያኑ ዕለት። እያወቅሽ አንዲት ምሳ እንኳ አብረሽኝ አትበዪ።»

«በምን ልማል?»

«በእናትሽ።»

እናቴ በረንዳው ላይ ቆማ ቁልቁል ታየናለች። በእሷ ማልኩ።

ነገ ለአጎቷ ደውዬ ይህንኑ እነግረዋለሁ። ወግ አፈረሳችሁ ብሎ ይጮሃል። ይጩህ። ከእንግዲህ ለዚች ልጅ ጠበል ሄዷል የሚል ሁሉ ጠቡ ከኔ ጋር ነው።