ከአቶ ኤልመር ጋር ስላጣላችሁኝ የጤፍ ማበጠሪያ

ሚያዝያ 14 ቀን 2022 እ.ኤ.አ.
ኮለምበስ፣ ኦሃዮ

ይድረስ ለተከበሩ የፈጠራ ማመልከቻዬ መርማሪ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋናን ይመለከታል

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የመላ ቤተሰብዎን ጤንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ዓይንዎ እንዴት ነው? የመቶ ዓመት አቧራ ሲያገላብጥ የሚውል ዓይን መቼም ይደክማልና የመድኃኔ ዓለም ጥበቃ እንዳይለየው እመኛለሁ። እኔ ውድቅ ከመደረጌ በቀር ከነቤተሰቤ በጣም ደህና ነኝ።

ስሜ ጀማነህ ያደታ ይባላል። ከሚነርቫ ፓርክ ጀርባ የምኖር፣ ፖላሪስ አጠገብ ባለ መጋዘን ፎርክሊፍት ስጠግን አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሞላኝ ሰው ነኝ። እርስዎ ግን የሚያውቁኝ በቁጥር ስለሆነ ስሜ አዲስ ቢሆንብዎት አልቀየምም። ይህን ደብዳቤ በማኅበራችን መጽሔት ላይ፣ ያውም በአማርኛ፣ በማውጣቴ ቅር እንዳይሰኙ፤ እኔ የእርስዎን አሥራ አንድ ገጽ እንግሊዝኛ ለማስተርጎም ልጄን ሁለት ሳምንት ስለማመጥ ከርሜአለሁና እርስዎም አስተርጓሚ ፍለጋ ትንሽ ቢንከራተቱ የሚበዛብዎት አይመስለኝም።

ነገርን ከሥሩ ነውና ከጤፉ ልጀምር። የሰፈራችን ሽማግሌ ጋሼ ተፈሪ ከከተማው በስተሰሜን መሬት ተከራይተው ጤፍ ይዘራሉ። በሬ ስለሌላቸው ሰብሉን ሸራ ላይ ዘርግተው ፒክአፕ መኪናቸውን እየነዱበት ያበራዩታል። ጤፋቸው ግሩም ነው፤ አሸዋው ግን በመጠንም በብዛትም ከጤፉ እኩል ነው። በወንፊት ቢነፉት ሁለቱም አብረው ያልፋሉ፣ በሰፌድ ቢያንገዋልሉት የሴቶቻችን ክንድ ያልቃል። እኔም ትሬድሚል ከሚሉት፣ ከተጣለ የቤት ውስጥ መሮጫ ማሽን ሞተር አውጥቼ፣ ዘንበል ያለ ቆርቆሮ ላይ የብረት ሸንተረር ደርድሬ፣ ሲንቀጠቀጥ ጤፉን ወደ ታች የሚያፈስ፣ ከበድ የሚለውን አሸዋ ደግሞ ሸንተረሩ ላይ የሚያስቀር መሣሪያ ሠራሁ። በየካቲት 2020 የፈጠራ መብት ማመልከቻዬን ላክሁላችሁ። ሀብት አልፈለግሁም። በዚህ አገር ሃያ ስድስት ዓመት ስኖር ስሜ ያለበት ወረቀት ሁሉ የመብራት፣ የውሃና የመኪና ኢንሹራንስ ነው። አንድ ጊዜ እንኳ “ይህን ያሰበው ጀማነህ ነው” የሚል ወረቀት ማየት አማረኝ፤ ነገሩ ይኸው ነው።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

፩ኛ። በሰኔ 2021 በጻፉልኝ ደብዳቤ፣ ኤልመር ስትራውድ የተባሉ የዚሁ የኦሃዮ ሰው በ1913 ከሰልን ከድንጋይ የሚለይ ተንቀጥቃጭ ገበታ አስመዝግበው ስለነበር የእኔ ሐሳብ አዲስ አለመሆኑን ስላበሠሩኝ አመሰግናለሁ። ልጄ ሀሴት ነገሩን ስታሳጥርልኝ “አባዬ፣ ሂ ቢት ዩ ቱ ኢት፣ በመቶ ሰባት ዓመት” ነበር ያለችው፤ ቀድሞሃል ማለቷ ነው። እኔ ደግሞ “ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል” እንዲሉ፣ ከሟች ደጃፍ ሞፈር ስቆርጥ እንደተያዝሁ ቆጠርሁት። በእኛ ዘንድ “ይህ የሌላ ሰው ነው” የተባለ ሰው ስሙን የሚያጠራው በምስክር ስለሆነ፣ ሦስት የተከበሩ ምስክሮች በንስሐ አባታችን ፊት ምለው፣ ጀማነህ የኤልመርን ስም ሰምቶ እንደማያውቅና በ1913 ዓለም ላይ እንዳልነበረ የፈረሙበትን ወረቀት ላክሁልዎ። እርስዎም በትሕትና፣ ሰረቅህ ያለኝ እንደሌለ፣ ምስክርም እንደማያስፈልግ፣ የላክሁትም እንደ መልስ እንደማይቆጠር፣ ውድቅነቱ ግን እንደጸና ገለጹልኝ። ሌባ አይደለህም፣ ዕቃው ግን ያንተ አይደለም የሚል ፍርድ በሕይወቴ የሰማሁት ከእርስዎ ብቻ ነው።

ከዚህ ሁሉ ያንገበገበኝ ግን ሌላ ነው። በአቶ ኤልመር ወረቀት ላይ፣ ከሥዕሉ ግርጌ፣ የሁለት ምስክሮች ፊርማ ቁጭ ብሏል! በእርሳቸው ጊዜ ምስክር ይፈለግ ነበር ማለት ነው። ከሁለቱ አንዷም በኋላ እንደተረዳነው የገዛ ሚስታቸው ናቸው። እኔ ባለቤቴን ፅጌረዳን ፈርሚልኝ ብላት “ለባሏ የምትመሰክርን ሴት ማን ያምናታል?” ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች።

፪ኛ። ሥዕላቸውን አያይዘው ስለላኩልኝ ቤተሰቤ በሙሉ ያመሰግንዎታል። ሀሴት በትልቁ አትማ አመጣችው፣ ፅጌረዳም ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፈችው። ሠላሳ ዓመት ሊሞላን ሁለት ዓመት የቀረን ባልና ሚስት ነን፤ በእነዚህ ዓመታት የእኔን እጅ አሞግሳ አታውቅም። ያን ሥዕል ስታይ ግን “እንዴት ያለ እጅ ነው! መስመሩን እዩልኝ!” አለች። የእኔን ሥዕል ያየች ዕለት የጠየቀችኝ “ይሄ አልጋ ነው?” ብላ ነበር። ልጅቱም አላረፈችም። አቶ ኤልመር በሞቃቱ ወራት ገበሬ፣ በበረዶው ወራት ከሰል ቆፋሪ እንደነበሩ፣ በ1906 ከማረሻ ጋር የሚታሰር የድንች መንቀያ፣ በ1909 ደግሞ በማዕድን ጉድጓድ ውስጥ በሚሠራ በቅሎ አንገት ላይ የሚንጠለጠል ፋኖስ አስመዝግበው እንደነበር ፈልጋ አገኘች። ለእርሻ አንድ፣ ለማዕድን ሁለት፣ በድምሩ ሦስት። ለበቅሎ እንኳ አስበዋል! ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ አንድ ሰው ለብቻው ሦስት ጊዜ ማሰቡ ለኋለኛው ትውልድ ምን ሊተርፈው ብሎ ነው?

በነገራችን ላይ በዚያ ዘመን ሥዕሉን የሚሠራው ባለፈጠራው ሳይሆን ተከፋይ ሠዓሊ እንደነበር አንብቤ ለፅጌረዳ እራት ላይ በደስታ ነገርኋት። እርሷም ቀና ብላ ሳታየኝ “ታዲያ አንተስ ለምን አታሠራም ነበር?” አለችኝ።

፫ኛ። አዲስ ዘመድ ስላፈሩልኝ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ጋሼ ተፈሪ የነገሩን አካሄድ ካዩ በኋላ “ሰውየው ቢሞት ዘር አይጠፋውም፤ ሄደን እናስታርቅህ” አሉ። የሚያስታርቅ ነገር እንደሌለ ሀሴት በሁለት ቋንቋ ብታስረዳም የሰማት አልነበረም። በጥቅምት ወር ጋሼ ተፈሪን፣ ከቤተ ክርስቲያናችን እናቶች እትዬ ሮማነወርቅንና ልጄን ይዤ፣ ማስካችንን አድርገን፣ በስተደቡብ ምሥራቅ አንድ ሰዓት ተኩል ነድተን ወደ አንዲት የድሮ የከሰል መንደር ሄድን። ሀሴት አፈላልጋ ያገኘቻቸው የአቶ ኤልመር የልጅ ልጅ ወይዘሮ ዶሪን የሰማንያ አንድ ዓመት አሮጊት ናቸው። ነጠላ የለበሱ ሴትና ከዘራ የያዙ ሽማግሌ በራቸው ላይ ቆመው ቢያዩ፣ ሃይማኖት ሰባኪዎች መስለናቸው በመስኮት በኩል “አመሰግናለሁ፣ ቤተ ክርስቲያን አለኝ” አሉን። ሀሴት “አባቴ አያትዎን ሳያውቅ በድሎ እንደሆነ ይቅርታ ሊጠይቅ መጥቷል” ብላ ስታስረዳቸው በሩን ከፈቱልን። “ስለ አያቴ ሰው ከጠየቀኝ ስንት ዘመኔ!” አሉ፣ ዓይናቸውንም ጠረጉ።

ገበታው ከቤታቸው ጀርባ ባለ አሮጌ በረት ውስጥ አለ። የማዕድኑ አለቆች ድንጋዩን በሰው እጅ ማስለቀም ይረክሳል ብለው ሳይገዙት ቀርተዋል፤ ወይዘሮ ዶሪን የቲማቲም ችግኝ ያስቀምጡበታል። ይህን ስሰማ፣ ኃጢአቴን አልደብቅም፣ ትንሽ ደስ አለኝ። ደስታዬ ግን አልቆየም። ጋሼ ተፈሪ ለናሙና በፌስታል የያዙትን አሸዋ የበዛበት ጤፍ ገበታው ላይ አፈሰሱ፣ ወይዘሮ ዶሪንም እጀታውን አዞሩት። ሞተር የለው፣ ጩኸት የለው፤ ጤፉ በአንድ ወገን ወረደ፣ አሸዋው በሌላ ወገን ተሰበሰበ። በእኔ መሣሪያ ሦስት ጊዜ የሚመላለሰው በአንድ ዙር ጠራ። እትዬ ሮማነወርቅ በዚያ በረት ውስጥ እልል አሉ። ለእኔ አልነበረም። የእኔን የሞከርን ዕለት “በርታ፣ ይሻሻላል” ነበር ያሉኝ።

ክቡርነትዎ፣ ግልጹን ልናገር፤ ቀናሁ። በሰው መኪና፣ በሰው ቤት ቀንቼ የማላውቅ ሰው፣ በ1940 በተቀበረ ከሰል ቆፋሪ ሆዴ ተቃጠለ። ሚስቱ ፈርማለታለች፣ የልጅ ልጁ ታለቅስለታለች፣ አሮጊቶች እልል ይሉለታል፣ መሣሪያውም ይሠራል። ጋሼ ተፈሪ ትከሻዬን ይዘው ወደ ገበታው አስጠጉኝ፣ እኔም እጄን ጫን አድርጌበት ያልተጣላሁትን ሰው ታረቅሁ። ወይዘሮ ዶሪን አያታቸው ቢኖሩ ገበታቸውን የሚፈልግ አንድ ሰው በመገኘቱ ደስ ይላቸው እንደነበር ነግረውኝ አንድ ዘንቢል ቲማቲም ሰጡን።

፬ኛ። እውነተኛ ሌባ ስላደረጉኝ በተለይ አመሰግናለሁ። የእኔ ሸንተረሮች ቀጥ ያሉ፣ የአቶ ኤልመር ደግሞ ሰያፍ መሆናቸውን በረቱ ውስጥ አይቼ ነበር። ቤቴ እንደገባሁ ጋራዤን ዘግቼ የእኔንም ሰያፍ አደረግኋቸው። አሁን አንድ ቅንጣት አሸዋ አያልፍም። ንጹሕ በነበርሁ ጊዜ ውድቅ አደረጉኝ፤ ከሟች ቀድቼ ስይዝ ግን የሚናገረኝ የለም። ሀሴት “አባዬ፣ ኢት ኤክስፓየርድ፣ ፍሪ ነው” ትለኛለች፤ የአቶ ኤልመር መብት ዘመኑ ስላለፈ ማንም በነጻ ይጠቀምበታል ማለቷ ነው።

የቤተ ክርስቲያናችን እናቶች የአቶ ኤልመርን ታሪክ ከእርሷ ሰምተው መሣሪያዬን ምን ብለው እንደሚጠሩት እርስዎ ቢያውቁ ይኮራሉ። ኤልመር ይሉታል። “ኤልመርን ቅዳሜ አምጣልን”፣ “ኤልመር ዛሬ አልተነሣም እንዴ?” ይሉኛል። ወይዘሮ ፋንቱማ ጤፋቸው በጠራ ቁጥር “ነፍሱን በገነት ያኑረው” ብለው ያማትባሉ፤ ወደ እኔም ዞር ብለው “ጀማነህ፣ ስትጨርስ ገመዱን ንቀለው” ይላሉ።

፭ኛ። እኔ በዕርቅ ስመላለስ የመልስ ጊዜዬ አልፎ ኖሮ፣ በየካቲት ወር የመጨረሻውን ደብዳቤዎን ላኩልኝ። ማመልከቻዬን እንደተውሁት ይገልጻል። ደብዳቤው በደረሰኝ ቅዳሜ የጋሼ ተፈሪን ሁለት ኩንታል ጤፍ አበጥሬ እጄን ስታጠብ ነበር። ምኑን ነው የተውሁት?

እንግዲህ ድካምዎን ከዚህ በላይ አላበዛም። ከእንግዲህ የሚመረምሯቸው ማመልከቻዎች ሁሉ ቀዳሚ ሟች የማያጡ እንዲሆኑልዎ፣ ዓይንዎም ከዚህ የራቀ ዘመን ጭምር አጥርቶ እንዲያይልዎ እየተመኘሁ፣ በታላቅ ትሕትናና በማይናወጥ አክብሮት የምሰናበትዎ፣

ከሦስት ፈጠራ አንዱም ያልደረሰው፣
ጀማነህ ያደታ

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ ፅጌረዳ፣ ባለቤቴ (ማቀዝቀዣው ላይ ቦታ ከተገኘ)
ለወይዘሮ ዶሪን፣ ከሰላምታ ጋር

የተረሳ ነገር፦ ደብዳቤውን ከፈረምሁ በኋላ ሀሴት አንድ የምሥራች ነገረችኝ። ማመልከቻዬ ውድቅ ቢሆንም፣ ተውኸው ቢባልም፣ ባለፈው ነሐሴ እናንተው ዘንድ ከነስሜ ታትሞ ወጥቷል፤ ከእንግዲህም ለማንም ክፍት ሆኖ ይኖራል፤ ወደፊት ጤፍን ከአሸዋ የሚለይ መሣሪያ ይዞ የሚመጣ ሰው በእርሱ ምክንያት ሊከለከል ይችላል። ይህን ለምን በአሥራ አንዱ ገጽ ውስጥ አልነገሩኝም? በከንቱ ተቀያይመን ነበር። ስለዚህ ከመቶ ዓመት በኋላ አንድ ምስኪን እንቅልፍ አጥቶ የሠራውን ይዞ ሲቀርብ፣ ወንበርዎን የሚወርሰው መርማሪ ሳይራራ፣ በረጅም እንግሊዝኛ፣ ይህንንማ የኮለምበሱ ጀማነህ አስቦታል ብሎ እንዲመልስልኝ ከወዲሁ አደራ እላለሁ። ሰውየው በእኔ ቀንቶ ይክረም፤ እኔ ያን ጊዜ ሟች ስለምሆን ምንም አያደርገኝም።