እናቴ ስለ እንጨት የምታውቀው

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

እንዴት ከረምሽ? ጉልበትሽስ እንዴት አደረገሽ? እኔ ጣቴን ኮላ፣ ፀጉሬን ሰጋቱራ ወርሶት ነው እንጂ ደህና ነኝ፤ ፈጣሪ ይመስገን።

እንደ ልማዴ እሁድ ጠዋት ነው። ማሽኖቹ ዝም ሲሉ የሥራ ጠረጴዛዬን ጠርጌ እጽፍልሻለሁ። መጀመሪያ የምጽፈው ናፍቆቱ ሲብስብኝ ነበር። አሁን ግን ሳምንቱን ሙሉ “ይቺን ለእማዬ” እያልኩ ነው የምሠራው፤ የተበላሸ ሥራ እንኳን ወሬ ይሆነኛል።

አንቺ ፊደል አልቆጠርሽም። የሚያነብልሽም የሚጽፍልሽም አባዬ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ “ሴት ልጅ አናጢ ከሆነች እኔ ልጅ የለኝም” ብሎ ከማለ ወዲህ ስሜን አይጠራም። የመጀመሪያዎቹ መልሶችሽ “እናትሽ ደህና ነኝ ብላለች” ነበሩ፤ አራት ነጥብ። አልተቀየምኩም፤ መጻፌንም አልተውኩም።

ከዚያ ለአንድ ደንበኛ የሠራሁት በር ጠመመ። ባለቤቱ ሰው ፊት አዋረደኝ፤ ሙያው ይቅርብኝ ብዬ ጻፍኩልሽ። መልስሽ ሁለት ገጽ ሙሉ መጣ። “እናትሽ እንዲህ ትላለች፦ እርጥብ እንጨት ቸኩለሽ አትግጠሚ። ጥላ ሥር ከመሬት ከፍ አድርገሽ፣ በየመሃሉ አየር እንዲገባው ደርድሪው። አንድ በር ጠመመ ተብሎ ሙያ አይጣልም።” እማዬ፣ አንድ ሚስማር ስትመቺ አይቼሽ አላውቅም፤ ለካ ሊቅ ነሽ። እንዳልሽው አድርጌ ሌላ በር ሠራሁለት፤ ዛሬም ሳያስቸግር ይከፈታል፣ ይዘጋል። ከዚያ ወዲህ ስለ ኮላው፣ ስለ መጋዙ ጥርስ ሳትጠይቂኝ የቀረሽበት ደብዳቤ የለም።

ባለፈው ግን “እናትሽ እንዲህ ትላለች” የሚለው ተረስቷል። “መላጊያዬን ስዬ አስቀምጬልሻለሁ” ብቻ ይላል። ደጋግሜ አነበብኩት። አልደብቅሽም፣ አለቀስኩ።

አሁን የምሥራቹን ልንገርሽ። የራሴን ሱቅ ተከራይቻለሁ፤ አዲሱ ወር ሲገባ እከፍታለሁ። ማን ነሽ ላለኝ አፌን ሞልቼ አናጢ ነኝ እላለሁ። በሩን የሠራሁት እኔው ነኝ፣ በደንብ ከደረቀ እንጨት። ሁለት ወንበርም አዘጋጅቻለሁ፤ አንዱ ላንቺ ነው፣ ሌላው ዕድሜ ልኩን እንጨት ሲልግ ኖሮ ወገቡን ለሚያመው ሰው መደገፊያው ከፍ ያለ ነው። መላጊያውን በሰው አትላኪው፤ ባለቤቱ ራሱ ይዞት ይምጣ።

አንባቢሽ እዚህ ጋ ሲደርስ ጉሮሮውን ከጠረገ ታገሺው፤ ውሃም ስጪው።

ዕድሜና ጤና አብዝቶ ይስጣችሁ፤ ዓይናችሁን ለማየት ያብቃኝ።

ልጃችሁ፣
አናጢዋ