የዘሀራ ምርቃት

ዓርብ፣ ሰኔ 5 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ ሪያድ

በደሉኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ሂሳብ ያስተማርኩበት ትንሹ የዓርብ ኮሌጃችን ዛሬ ዘጠኝ የቤት ሠራተኞች ሲያስመርቅ፣ የመምህራኑን ስም ጠርቶ የእኔን ዘለለው። ዲፕሎማ የለኝማ፤ ሂሳብ የተማርኩት ብቻዬን ነው።

ሴቶቹ ግን ጎበዞች ናቸው። ሺፋ ሰፈር የምትሠራው ዘሀራ ትምህርቴን በስልኳ ቀድታ፣ የማዳሟን ልብስ እየተኮሰች ስትሰማ ኖራ አንደኛ ወጣች። ጋዋኗን እንደለበሰች ወደ እኔ መጣች።

«አባባ፣ ለምን አልጠሩዎትም? ሄጄ ልጠይቃቸው።»

«ተይ። ዲፕሎማ የሌለው ሰው እንዳስተማራችሁ ከተሰማ የእናንተም ወረቀት ይሰረዛል።»

«እርስዎ? ዝም ሊሉ?»

«ኸላስ፣ በቃ ብያለሁ። ይልቅ ቆብሽን አቅኚ፤ ፎቶ ሊያነሱሽ ነው።»

አቀናች። እኔም ይህን ነገር ሁለተኛ አላነሳውም፤ እዚህ ደብተር ላይም ቢሆን።