ባድሪናት ሳይዘጋ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህስ እንዴት ናት? የቦምቤይ ሙቀት እንዴት ይዟችኋል? እኛ ደህና ነን። እዚህ ባድሪናት ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ጠዋት ጠዋት ፍል ውሃው ውስጥ ገብተን ነው ነፍስ የምንዘራው። እማዬ ጉልበቷን ትንሽ አሟት ነበር፣ አሁን ተሽሏታል።

አባባ ሊሞት ሲል ምን እንዳለ ልንገርህ፤ ሙት ነውና ቂም አትያዝበት። «ወንዙ ዳር ለእኔ ሩዝ ስታቀርቡ ለዚያ ልጅም አቅርቡለት። የጫማ ሰፊ ልጅ ካገባ ወዲህ ለእኔ ሞቷል» አለ። እዚህ የሙታን ሩዝ የቀረበለት ሰው ደግሞ ታውቃለህ፣ እንደ ሙት ተቆጥሮ አበቃለት። እማዬ ያን ጊዜ ትራሱን ብቻ አስተካከለችለት።

ትናንት ወደ ወንዙ ወረድን። አጎታችን ሃሪደት በአንተ ቦታ እንዲቆም ልጁን ብርጅሞሃንን ይዞት መጥቷል። ያን ዘይት እየቀባ ሲያሽሞነሙነው የሚውለውን ፀጉሩን ለሐዘኑ ሥርዓት ገና በማለዳ ሙልጭ አድርጎ አስላጭቶታል። ሩዙ ተድቦልቡሎ ቀርቧል፤ አንዱ የአባባ፣ አንዱ የአንተ።

ካህኑ የሟች ወንድ ልጅ የቱ ነው ብሎ ጠየቀ። አጎታችን ፈጠን ብሎ «ልጅ የለውም፤ ይኸው የወንድሙ ልጅ» አለ። ይህን ጊዜ እማዬ ሳህኑን ከብርጅሞሃን እጅ ወሰደችና «አለው። መንገድ ላይ ነው» አለች።

«ምን ነካሽ እቴ! የሟች ቃል ይታጠፋል?» ብሎ ጮኸ አጎታችን።

«ሟቹ ባሌ ነው፤ ልጁ ግን የእኔም ነው» አለችው።

ካህኑም ልጅ ካለማ ይጠበቅ ብሎ ወደ ሌሎቹ ሐዘንተኞች ዞረ። ብርጅሞሃን መላጣውን እየዳበሰ «የእኔ ፀጉርስ?» ሲል ካህኑ ሳይቀር ሳቀ። ወንድም ጋሼ፣ እማዬን እንደዚያ ሰዓት ወድጃት አላውቅም።

አጎታችን ተኮሳትሮ ዛሬ ጠዋት ልጁን ይዞ በአውቶቡስ ወረደ። እኛ ቀርተናል። እማዬ «ጻፊለት» አለችኝ። እኔ ደግሞ ምንም እንደማያውቅ ሰው «በየት አድራሻ?» አልኳት። «ሁልጊዜ በምትጽፊበት» ብላኝ ሻይዋን መጠጣት ቀጠለች። አፈርኩ፣ ሳቄም መጣ።

በረዶው ሊወርድ ነው፤ ከዚያ ቤተ መቅደሱ ይዘጋል፣ ሰውም ከተማውን ለቆ ይወርዳል። እሷ ግን አንተ ሳትመጣ ንቅንቅ አልልም ብላለች። ይህ ደብዳቤ እንደደረሰህ ተነስ።

ከሰዓት በኋላ ገበያ ወጥተን ሁለት የሱፍ ቆብ ገዛች። አንዱ የሴት ነው። ሌላዋ ጡጫ ታክላለች። ስለ ልጅህ መወለድ ከእኔ አፍ ቃል አልወጣም፣ ማይ ብትለኝ እምላለሁ። ትንሿን ቆብ ደጋግማ ለጠጠቻትና ለሻጯ «ጭንቅላቱ በአባቱ ከወጣ ይጠበዋል፤ ሰፋ ያለ የለሽም?» አለቻት።

የባድሪናት ጌታ መንገዳችሁን ያቅናላችሁ፤ ከብርድም ከክፉም ይሰውራችሁ።

ታናሽ እህትህ