ሰዓት ሰጪዋ መሣሪያ

ሐሙስ፣ ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.
መርካቶ፣ ዱባይ ተራ

ለምወድዎና ለምሳሳልዎ አባቴ፤ ሐርቡ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናዎ እንዴት ነው? የስኳር መድኃኒትዎን ሳያቋርጡ ይወስዳሉ? እማዬም እኔም አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ደህና ማለት ከተቻለ። ይህን በስልክ ልነግርዎ ሦስት ጊዜ ሞክሬ፣ ድምፅዎን ስሰማ ወኔዬ ከዳኝ። ስለዚህ ጽፌ በሹፌሩ በሙህዲን እጅ ልኬልዎታለሁ።

የአጎቴ ልጅ ትናንት ደውሎ የጠሀን ፎቶ ይዘው ከገበያ ገበያ እንደሚዞሩ፣ እግርዎም እንዳበጠ ነገረን። አባዬ፣ ወንድሜን እዚያ አያገኙትም። እንዴት እንዳወቅሁ ልንገርዎ፤ ከዚያ ቢቆጡም ይቆጡኝ።

የሱቃችንን ኮምፒውተሮች ሲኒማ ራስ ጀርባ ካለው መጋዘናችን ጋር በስልክ መስመር የምታገናኘዋን ኮንቨርተር ያስገቡት እርስዎ ነዎት። መደርደሪያው ላይ ሰቅለውም ሕግ አወጡ፤ መብራቷ አረንጓዴ ከሆነች ጠሀ መጋዘን ሥራው ላይ ነው፣ ከቀላች ቆጣሪውን አጥፍቶ ወጥቷል። ያ አመለኛ ግን ምሳ ሲወጣ ቆጣሪውን ያጠፋና፣ ደጅ ካለው የመስመር ሳጥን ውስጥ ሁለቱን ጥንድ ሽቦዎች እርስ በርስ ያገናኛቸው ነበር። የእኛው መልእክት ዞሮ ወደ እኛው ይመጣል። መብራቷ ለአፍታ ቀልታ ተመልሳ አረንጓዴ ትሆናለች፤ እርስዎም ልጄ ምሳውን እንኳ ሳይበላ ይሠራል እያሉ ለጎረቤት ያወሩለታል። እኔ እያወቅሁ ዝም አልኩ። ዘዴውን ያስተማረኝ ራሱ ነው።

በኅዳር መጋዘኑ ሲቃጠል መብራቷ ቀላች። የጠሀ አስከሬን አልተገኘም። እርስዎ አራት ቀን እህል ሳይቀምሱ ፊቷ ተቀመጡ። በአምስተኛው ቀን አረንጓዴ ስትሆን ብድግ ብለው «ጠሀ አለ» አሉ። የዚያን ቀን በሉ። ከዚያ በኋላ አስከሬን በሌለበት የሚሰገደው ሶላተል ጋኢብም ሰደቃም አይደረግለትም ብለው እማዬን ከለከሏት፤ ቆይተውም ልጄን ልፈልግ ብለው ወሎ ሄዱ።

አባዬ፣ እኔ ነኝ። የዚያን ቀን ጠዋት ፒንሳ ይዤ ሄጄ፣ አጥሩ ላይ ከእሳቱ የተረፈውን ሳጥን ከፍቼ ሽቦዎቹን ያገናኘሁት እኔ ነኝ። እንዳይሞቱብኝ ፈርቼ ነው። ነገ እፈታዋለሁ እያልኩ፣ ሲበሉ ሳይዎት እጄ አልታዘዝ አለኝ። አውፍ ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ።

ቅዳሜ የመጋዘኑ አጥር ሊፈርስ ነው። በማሽን ከሚቆረጥ እኔው ልፍታው ብዬ ማክሰኞ ከዙሁር ሶላት በኋላ ሄድኩ። ሽቦዎቹን ፈትቼ ጫፎቻቸውን ለየብቻ በቴፕ ጠቀለልኳቸው። በመንገዴ ሁሉ ለእማዬ ምን እንደምላት እያሰብኩ መጣሁ። ሱቅ ስገባ መብራቷ አረንጓዴ ነበረች።

እርጥበት ይሆናል ብዬ የመስመር ሠራተኛውን አስናቀውን ጠራሁት። ከሳጥኑ እስከ ሱቃችን ለክቶ፣ መስመሩ ባዶ ነው፣ ከወዲያ ምንም የለም አለኝ። ገመድ ቀየርኩ፣ መሣሪያዋን አጥፍቼ አበራኋት። እሱ ቆሞ እያየ መቶ መልእክት ላክሁ። ድሮ ፍጥነቱን ቀንሰን፣ አስተካክለን፣ ለፍተንባት እንኳ ከመቶው ሦስት አራቱ ይጠፉ እንደነበር ያስታውሳሉ። አሁን መቶውም ተመለሱ። አስናቀው መለኪያውን ቦርሳው ውስጥ ከትቶ ሳይሰናበተኝ ወጣ።

ሌላም አለ። በመስመሩ ሁለት ጫፍ ካሉት መሣሪያዎች አንዷ ሰዓት ትሰጣለች፣ ማለት የመላላኩን ምት ትመታለች፣ ሌላዋ ትከተላታለች፤ ያለዚያ ብዙ ሳይቆዩ መግባባት ያቅታቸዋል። ሰዓት የምትሰጠው መጋዘኑ ውስጥ የተቃጠለችው ነበረች። ሽቦውን ያገናኘሁ ጊዜ የእኛዋ በራሷ ሰዓት እንድትሄድ አድርጌ ነበር። አሁን ወደ ቀድሞዋ መለስኳት፤ የምትከተለው ስታጣ ትቀላለች ብዬ። አልቀላችም። ሰዓት የሚሰጣት አግኝታለች።

እስካሁን የጻፍኩትን ለእማዬ ሁሉንም ነግሬያታለሁ። አለቀሰች እንጂ አልተቆጣችኝም። የመስመሩን ገመድ ከመሣሪያዋ ጀርባ ልነቅል ስል ግን እጄን ያዘችና «ተይው። አባቱ ይምጣ» አለችኝ።

የሚቀጥለውን አልነገርኳትም። ትናንት ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ መብራቷ ለአፍታ ቀላችና ተመልሳ አረንጓዴ ሆነች። ዛሬም በዚያው ሰዓት፤ አንድ ሰው ቆጣሪ አጥፍቶ፣ ወደ ደጅ ወጥቶ፣ ሁለት ጥንድ ሽቦ እስኪያገናኝ ለሚፈጀው ጊዜ ያህል።

አባዬ፣ ፎቶውን ያስቀምጡና ይምጡ። ገመዷን በእጅዎ ይንቀሉልን፣ ከዚያ ለወንድሜ አብረን እንስገድለት። አላህ እግርዎን ያሽርልዎ፣ መንገዱን ያቅልልዎ። ብቻ ከቅዳሜ በፊት ይድረሱልኝ። አጥሩ ፈርሶም ምሳ ሰዓት ላይ ከቀላች፣ ብቻዬን ላያት አልችልም።

የበደለችዎ ልጅዎ
ሰልሳቢል አብደላ